የወሎ ቅሬና ወደ ቤት የሚመለሰው ተማሪ



የሴሚስተሩ ፈተና አልቆ ብዙዎቻችን ሻንጣ የምናዘጋጅበት ሰሞን ነው። ወደ ቤት ይዘነው የምንሄደው ልብስና ደብተር ብቻ አይደለም። ግቢ ውስጥ የሰማነውን ዳዕዋ፣ በስልካችን ያየነውን፣ ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከርንበትን ሁሉ ይዘን ነው የምንገባው። ከዚህ ውስጥ አልሐምዱሊላህ መልካሙ ይበዛል። ቁርኣን መቅራት የማትችል እናት በልጇ አማካይነት አሊፍ፣ ባ ብላ የጀመረችበት ቤት ጥቂት አይደለም። ግን በየዕረፍቱ የሚደጋገም ሌላ ነገርም አለ። እናት ነጠላዋን ደርባ ለጎረቤት ለቅሶ ስትወጣ ተማሪው ልጅ በር ላይ ያስቆማትና «የክርስቲያን ለቅሶ ምን አስኬደሽ?» ይላታል። በክርስቲያኑም ወገን ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ አባቱን ከሙስሊም ሰርግ የሚያስቀር ልጅ አለ።

እናት መልስ ታጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ደንብ በኪታብ ቋንቋ አስረዳ ብሎ የጠየቃት ሰው ስለሌለ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ደንብ ለማስረዳት ይሞክራል። ስለ መቻቻል በአዳራሽ የሚነገረውን ሁላችንም ጠግበነዋል፤ እዚህ የማነሣው ከዚያ ያነሰ ግን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ቅሬ። ምሳሌው ከወሎ ነው። ከጂማ፣ ከባሌ፣ ከስልጤ፣ ከሐረር የመጣችሁ በየሀገራችሁ ያለውን እያሰባችሁ አንብቡት።

ቅሬ እንዴት ይሠራል?

ሌላው ሀገር እድር የሚለውን የወሎ ሰው ቅሬ ይለዋል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የከተማው እድር በወርሃዊ መዋጮና በደረሰኝ የሚሠራውን የገጠሩ ቅሬ አብዛኛውን በጉልበት፣ በእህልና በመገኘት ይሠራዋል። ዋናው ነገር አባልነቱ በሰፈር መሆኑ ነው። ጎረቤት የሆነ ሁሉ፣ መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን፣ የአንድ ቅሬ ሰው ነው። ቅሬው ዳኛ አለው፣ ጠሪ አለው። ሰው ሲሞት ጠሪው ይለፍፋል፤ ከዚያ በኋላ እርሻ ላይ ያለው በሬውን ይፈታል፣ ገበያ የወጣው ይመለሳል። ያልመጣ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ደግሞ ቤቱ ሞት ሲገባ ማን እንደሚቀብርለት አያውቅም። ለገጠር ሰው ፖሊስ ጣቢያ ከመቆም ይልቅ ይህ ይከብደዋል።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ይፈጥናል። ክርስቲያን ጎረቤት ይህን ስለሚያውቅ ሳይዘገይ ይደርሳል። በብዙ ቦታ መቃብር ሲቆፈር ክርስቲያኑም ዶማ ይይዛል። ጀናዛውን ማጠቡ፣ መከፈኑ፣ ሶላቱ፣ ለሕዱ ውስጥ ማስገባቱ ግን የሙስሊሙ ነው፤ በዚያ ሰዓት ክርስቲያኑ ማንም ሳይነግረው ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ሟቹ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሸኛል፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆያል። ከዚያ ሁሉም ተያይዞ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይመለሳል።

ምግቡም ደንብ አለው። ክርስቲያኑ ጾም ላይ ከሆነ ሙስሊሟ ጎረቤት ወደ ሐዘን ቤት የምትወስደው ቅቤ ያልነካው ሽሮ ወይም ንፍሮ ነው። ረመዷን ሲሆን ደግሞ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጦ የሚያግዘው ያልጾመው ጎረቤት ነው። ሰርግ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ክርስቲያን ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ይሰጣል፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ ራሳቸው ይሠራሉ፤ ቢላው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ዳሱም ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለሙስሊሙ ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይዘጋጃል። ሙስሊሙ ሲደግስም እንዲሁ ለክርስቲያኑ ይለያል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ ዲኑን ያቀላቀለ ማንም የለም። ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ወሎን ሲያደንቁ «ልዩነት የማያውቅ ሕዝብ» ይላሉ። እኔ ይህ አባባል የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። የወሎ ገጠር ክርስቲያን እናት የሙስሊሙን ሐላልና ሐራም ከብዙ የከተማ ሙስሊም ልጅ በተሻለ ታውቃለች፤ የትኛው ድስት ለማን እንደሆነ አትሳሳትም። ሙስሊሟም የክርስቲያኑን ጾም ወቅት ከነስሙ ትቆጥራለች። ሰፈሩ ተስማምቶ የሚኖረው ልዩነቱን በዝርዝር ስለሚያውቀውና ለእያንዳንዱ ቦታ ስላበጀለት ነው። ስለዚህ «ዲኔን ልጠብቅ» ብሎ ቅሬ ለሚሸሽ ተማሪ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር፣ ያቺ እናት ዲኗን ጠብቃ ነው ስትኖር የቆየችው የሚል ነው።

ከቅሬ አቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ፣ በተለይ ደም ሲፈስ፣ ወሎ አበጋር የሚላቸው አስታራቂዎች አሉት። ገዳይና የሟች ወገን ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ፊታቸው ይቀርባል፤ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ካሣው ይቆረጣል፣ እርቁ ይታሰራል። ይህም የሚሠራው ሰዎቹ ቀድሞ በቅሬ ስለሚተዋወቁ ነው። ማን ማንን እንደሚሰማ፣ የትኛው ሽማግሌ የትኛውን ቤት ደፍሮ ማንኳኳት እንደሚችል የሚታወቀው ለቅሶ ላይ አብሮ በመቀመጥ ነው።

ታሪኩ ለስላሳ አልነበረም

ወሎ ሁልጊዜ በፍቅር የኖረ ሀገር አድርጎ መሳል ደስ ይላል፤ ግን እውነት አይሆንም። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ቦሩ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ጠሩ፤ ከዚያም የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም የልጅ ኢያሱ አባት የሆኑት እሳቸው ናቸው። ብዙዎች ተሰደዱ፤ እንደ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዐሊሞች ደግሞ ተቃውሞውን መሩ። ዛሬ በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መኖሩ፣ ልጁ ሰይድ፣ አባቱ ኃይለ ማርያም መባሉ የሚያስገርማችሁ ከሆነ፣ የዚህ አንዱ ምንጭ ያ ዘመን መሆኑን አስታውሱ። ሌላው ምንጭ ጋብቻ ነው፣ ሦስተኛው የገዛ ምርጫ ነው። ሁሉም በአንድ ቤት ተቀላቅለው ተቀምጠዋል።

ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በግድ የተለያዩ ወንድማማቾች ልጆች ተቀምጠው «እንዴት አብረን እንቀብራለን? ማን ምን ይበላል?» ብለው ደንብ ማበጀታቸው ነው የሚደንቀው። በመንግሥት ደረጃ እኩልነቱ ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉን ተቃውሞ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የወጣው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ሰልፍ ላይ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ዒዶቻችንና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው የታወጁት ከዚያ በኋላ ነው። የወሎ ቅሬ ግን የመንግሥትን አዋጅ ሳይጠብቅ ሙስሊሙን ሙሉ አባል አድርጎ ሲቀብር ነበር።

ለልጅየው በኪታብ ቋንቋ

በር ላይ የቆመው ተማሪ ማስረጃ ይፈልጋል፤ መፈለጉም ጥሩ ነው። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሰዎች ጎሳና ነገድ የተደረጉት እንዲተዋወቁ መሆኑን ይናገራል፤ ይህን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ ደግሞ በሃይማኖት ምክንያት ካልተጋደሉንና ከቤታችን ካላስወጡን ሰዎች ጋር በበጎና በፍትሕ መኗኗርን አይከለክልም። ስለ ለቅሶ ከሆነ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ያንብብ። ሰህል ቢን ሑነይፍና ቀይስ ቢን ሰዕድ ቃዲሲያ ላይ ተቀምጠው ሳለ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሡ። ሟቹ ሙስሊም አይደለም ሲባሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ መቆማቸውን፣ ሲጠየቁም ነፍስ መሆኑን በማስታወስ መመለሳቸውን ተናገሩ።

ከሁሉም በላይ ለወሎ ቤት ቅርብ የሚመስለኝ ግን ኢማም አን-ነወዊ በ«ሚንሃጅ» ውስጥ ያስቀመጡት ነው። ይህ በደረሳዎቻችን ዘንድ ለዘመናት የተቀራ የሻፊዒ ኪታብ ነው። ስለ ተዕዚያ ሲያነሡ ሙስሊም ሰው ሙስሊም ያልሆነ ዘመዱ ሲሞትበት ምን ተብሎ እንደሚጽናና፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ደግሞ ሙስሊም ዘመዱ ሲሞትበት ምን እንደሚባል ለየብቻ ይጠቅሳሉ። ከ700 ዓመት በፊት የጻፉ ዐሊም ቅይጥ ቤተሰብ እንደሚኖር፣ ጎረቤትም ሄዶ ማጽናናት እንዳለበት አስበውበታል። ከዚህ ያለፈውን ዝርዝር፣ ቀብር እስከ የት እንደሚሸኝ፣ ምን እንደሚባልና እንደማይባል፣ ዐሊም ጠይቁ። የሰፈራችሁን ሸይኽ ሳይጠይቁ በ3 ደቂቃ ቪዲዮ እናትን በር ላይ ማስቆም ግን አዳብም አይደለም፣ ዕውቀትም አይደለም።

ቅሬ የማይደርስበት ቦታ

ቅሬ ሁሉን ይፈታል ብል እዋሻለሁ። የሚጠብቀው የሚያውቀውን ሰው ነው። ጥቅምት 2012 መጨረሻ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ተገደሉ። ወልድያ ወሎ ናት፤ ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ሰፈር በቅሬ የተያያዘ ነው። ዶርም ውስጥ የነበረው ልጅ ግን ከሩቅ የመጣ፣ የማንም ቅሬ አባል ያልሆነ፣ በብሔሩ ብቻ የተቆጠረ እንግዳ ነበር። ሲሞት ጠሪ የሚለፍፍለት ሰፈር አልነበረውም።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሆነውንም ሁላችንም እናስታውሳለን። የአንድ ሸይኽ ቀብር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰን መካነ መቃብር፣ በድንበርና በድንጋይ የተነሣ ክርክር ወደ ጥቃት ተለውጦ በርካታ ሙስሊሞች ሞቱ፤ በቀናት ውስጥ በስልጤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ክርስቲያኖችም ተገደሉ። ጎንደርም እድር አለው፣ ሽማግሌ አለው። ወሬው ግን ከሽማግሌ እግር ይፈጥናል፤ በስልክ የተላለፈው ቪዲዮ ወራቤ የደረሰው የጎንደር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳይጨርሱ ነው። ስልጤ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለው ወጣት በጎንደሩ ነገር ምንም እጅ የሌለበትን ጎረቤቱን ነው የበደለው።

ቅሬ በውስጡም የሚገፋቸው ሰዎች ነበሩት። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ «ቡዳ» እየተባለ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም የሚሸሸው ባለእጅ፣ ለጋብቻ የማይፈለግ፣ ማዕድ ላይ ዳር የሚቀመጥ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም ነው። በዚህ ነገር ሁለቱ ሃይማኖቶች ያለ ምንም ክርክር መስማማታቸው ያሳፍራል። ለጀመዓችን ደግሞ ይህ የራሱ ጥያቄ ነው። «ሙስሊም ሁሉ ወንድማማች ነው» ብለን ስናበቃ የሸክላ ሠሪ ልጅ እህታችንን ሲጠይቅ ቤታችን ምን ይላል?

አሁን ደግሞ በአንዳንድ ሰፈሮች ቅሬው ራሱ በሃይማኖት እየተከፈለ ነው። የሚከፈልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የድስት ጠብ፣ የዳስ ጠብ፣ ወይም ከከተማ የመጣ ወጣት ያነሣው ጥያቄ። ሲከፈል መጀመሪያ የሚታየው ወጪ ነው፤ 80 ቤት የተሸከመውን ቀብር 40 ቤት ይሸከመዋል። ቀጥሎ የሚመጣው አይታይም። ሙስሊሙ ልጅ የክርስቲያኑን ጾም አያውቅም፣ ክርስቲያኑ ልጅ ጀናዛ ለምን እንደሚፈጥን አያውቅም። የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ድንበር ላይ ድንጋይ የተነሣ ቀን ደውሎ «ቆይ፣ እንነጋገር» የሚል የቅሬ ዳኛ አይኖርም፤ ዳኞቹ ሁለት ሆነዋል፣ እያንዳንዱም የሚያዘው የራሱን ወገን ብቻ ነው።

ተማሪ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሰፈራችንን «ማስተማር» የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው እንተወው። ሰፈሩ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይበልጣል። እኛ ያለን ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ስልክና ጊዜ ነው። የቅሬው መዝገብ ብዙ ጊዜ በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ወይም በተቀደደ ደብተር ላይ ነው ያለው። ዳኛውን «አባባ፣ መዝገቡን ላግዝዎት?» ማለት ከአሥር የመቻቻል ንግግር ይበልጥ ይጠቅማል። ደንቡን ስትጽፉም ለምን እንደተደነገገ ትሰማላችሁ፤ በየትኛው ዓመት ማን ተጣልቶ፣ በምን ታርቆ ያ አንቀጽ እንደመጣ ይነግሯችኋል። ታናናሾቻችሁ አጠገብ ተቀምጠው ቢሰሙ ደግሞ እሰየው።

ስለ ወሬ ፍጥነት ያልኩት መፍትሔ የሌለው አይደለም። የመስጊዱ ወጣቶች ተጠሪና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተጠሪ የስልክ ቁጥር ተለዋውጠው፣ «መስጊድ ተነካ»፣ «ቤተ ክርስቲያን ተነካ» የሚል ነገር ሲመጣ ከማጋራታቸው በፊት ለመደዋወል ቢስማሙ፣ ይህ ለዘመኑ የሚሆን የቅሬ ጠሪ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ነገር ሳይኖር፣ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ቀድሞ መተዋወቅን ነው።

ለእንግዳ ተማሪም ቢሆን መንገድ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የጎንደር ቃል ኪዳን ቤተሰብ» ብሎ የጀመረው ሥራ አዲስ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር ያገናኛል፤ ተማሪው ሲታመም የሚጠይቀው፣ በዓል ሲሆን የሚጠራው ቤት ያገኛል። በዚያው ከተማ ከላይ ያልኩት መከራ መድረሱን አልረሳሁም። ሐሳቡ ግን ትክክለኛውን ክፍተት የነካ ነው፤ እንግዳውን የአንድ ሰፈር ሰው ያደርገዋል። የእኛ ጀመዓ ይህን በራሱ ልክ ሊያደርገው ይችላል። በዒድ ቀን ግቢ የሚቀሩ ልጆችን ስንሰበስብ ሁልጊዜ ሙስሊሙን ብቻ ነው የምንቆጥረው። የዶርም ጓደኛችን ክርስቲያን ከሆነ ምን እንደሚበላና እንደማይበላ ጠይቀን ብንጠራው፣ እሱም በፋሲካ ሲጠራን በጉን ራሳችን እንድናርድ አስቀድመን ብንነጋገር፣ አያቶቻችን የሠሩትን እየሠራን ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰብ ሄዳችሁ ሽማግሌዎች ራሳቸውን «እስላም» ሲሉ ብትሰሙ ቶሎ አታርሟቸው። ቃሉ ለሃይማኖቱ እንጂ ለሰው እንደማይሆን እናውቃለን፤ ግን በእነሱ አፍ ስድብ አይደለም። ከእኛ ወገን ባልሆነ፣ ንቀት ባለው አፍ ሲነገር ግን በጨዋ ቋንቋ ማረም ተገቢ ነው።

ለዚህ ዕረፍት ጀመዓው የጽሑፍ ክፍል አንድ ጥያቄ ይዟል። የሰፈራችሁን የቅሬ ወይም የእድር ዳኛ እነዚህን ጠይቁ፦ አዲስ ጎረቤት እንዴት አባል ይሆናል? የሌላ ሃይማኖት ሰው ሲሞት አባሉ እስከ የት ይሄዳል? ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ተከራይ፣ ባለእጅ፣ ከሩቅ የመጣ የቀን ሠራተኛ ቢሞት ጠሪው ይለፍፋል ወይ? ቅሬው ለመከፈል ቀርቦ ያውቃል? ከቀረበስ ማን አስታረቀው? የሰው ስም ሳትጽፉ፣ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ፣ መልሱን በገጽ ተኩል አምጡልን። ጽሑፉን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላለው የጀመዓው ተረኛ መስጠት ይቻላል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።